የእሜቴ ንክሻ

ዓሣ ሰው ይነክሳል ብላችሁ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ ከልካይ የላችሁም። እኔ ግን የልጅ ጣት ግማሽ የማትሞላ ዓሣ የአያቴን ጣት ነክሳ ይዛ፣ እጁን ከውሃ ሊያወጣ ሲል አብራው እስከ ላይ ድረስ ስትንጠለጠል በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። እሜቴ ነበር የምንላት። ያን ቀን እሜቴ ባትነክሰው ኖሮ የእሱም የእኔም ኑሮ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ይሻል ነበር ወይስ ይብስ? ይህን ያህል አርጅቼም ገና ከራሴ ጋር አልጨረስኩትም።

አያቴ ቁልፍ ሠሪ ነበር። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። የፊተኛው ክፍል መስኮት እንደ ሱቅ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ደንበኛው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያቀብላል፣ አያቴ ከውስጥ ይቀበለዋል። ጠረጴዛው ላይ ቁልፉን ነክሶ የሚይዘው ሞርሳ ታስሯል፣ ሞረዶቹ እንደየመጠናቸው ተደርድረዋል፣ ያልተሞረዱ ቁልፎች ምስማር ላይ ተንጠልጥለው ነፋስ በገባ ቁጥር ይንሿሿሉ። ከጠረጴዛው ጀርባ ደግሞ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ በብረት እግር ላይ የቆመ የመስተዋት ገንዳ ነበር። እናቴ ጡት ሳልጥል ሞታ፣ አባቴ ሥራ ልፈልግ ብሎ እንደወጣ ስለቀረ፣ እኔ የማውቀው ዓለም ያ ክፍል ብቻ ነው። ግማሹ የብረት ብናኝ፣ ግማሹ ውሃ።

ዓሣዎቹን ያመጣቸው የኋላውን ክፍል ተከራይቶ የነበረ የጀልባ መካኒክ ነው። ሩቅ ካለ ትልቅ ሐይቅ ነው ያመጣኋቸው ይል ነበር። ሲሄድ “ስመለስ እወስዳቸዋለሁ” አለ። ይኸው እስከ ዛሬ እየተመለሰ ነው።

ገንዳውን መጀመሪያ ያየ ሰው ሁሉ “ዓሣው የታለ?” ነበር የሚለው። እውነቱን ነው። ቅጠል የለው፣ ጌጥ የለው። አሸዋ ብቻ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ ቀንድ አውጣ ሞቶ የተወው ባዶ ዛጎል እዚህም እዚያም ተጥሏል። ሰውየው ከንፈሩን አጣሞ ሊሄድ ሲል ግን አንዱ ዛጎል አፍ ላይ ዓይን ብቅ ይላል። ሰማያዊ ዓይን። ከዚያ ሌላው ላይ፣ ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ዛጎል ቤት ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ባለቤት አለው። ቀጫጭን መስመር የተሰመረባቸው፣ ግንባራቸው ቁጡ፣ ሩብ ጉዳይ የማይሞሉ ፍጥረቶች ናቸው፤ ኩራታቸው ግን የንጉሥ። አሸዋውን በአፋቸው እየጎረሱ ወስደው ጎረቤታቸው ደጃፍ ላይ ይተፉታል። ጎረቤትየዋ ወጥታ ትጎርሰውና መልሳ እነሱ ደጃፍ ትተፋዋለች። ጠዋት ሜዳ የነበረው ማታ ጉድጓድ ነው፣ ጉድጓዱ ኮረብታ ነው። እኔ ደረቅ ዳቦዬን ይዤ ፊታቸው ቆሜ፣ ዳቦውን ሳልበላ ምሳ ይደርሳል። እጅ የሌለው ነገር ቤት ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አያቴ ማለዳ መስኮቱን ይከፍትና ፊቱን ወደ ሞርሳው፣ ጀርባውን ወደ ገንዳው አድርጎ ይቀመጣል። ከዚያ “ጉጉት! ፈተና!” ይላል።

ጉጉት እኔ ነኝ። ዓይኔ ትልልቅ ነበር።

“ሻለቃው የት ነው?” ሻለቃው ወንዱ ነው፤ ትልቁና የሁሉም ተቆጪ።

“ከትልቁ ዛጎል በላይ።”

“በላይ ማለት? ሆዱ አሸዋ ይነካል፣ አይነካም?”

“አይነካም።”

“ክንፉን ዘርግቷል ሰብስቧል?”

“ዘርግቷል።”

“ወደ ማን ዞሮ?”

“ወደኔ።”

“አንቺን ነዋ የሚቆጣው! አፍንጫሽን ከመስተዋቱ አንሺ።”

አፍንጫዬ እውነትም መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ እንዴት አወቀ? አንድ ቀን ከሰዓት ወንበሩ ላይ እንዳሸለበ ከኋላው ቀስ ብዬ ሄጄ፣ ማጅራቱ ላይ ያለውን ሽበት በጣቴ እየከፈልኩ ዓይን ፈለግኩ። ሌላ ዓይን እንዳለው ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። “ቅማል አገኘሽ?” ሲለኝ ጮኼ ወደ ኋላ ዘለልኩ።

አያቴ ዕውር ነበር። ይህን እናንተ ከኔ ቀድማችሁ ሳታውቁ አትቀሩም። መጀመሪያ ጭጋግ ጋረደው፣ ከጭጋጉ በኋላ ጨለማ፣ ጨለማውን ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም። መስተዋት ላይ አፍንጫውን የለጠፈ ልጅ ድምፁ ይታፈናል፤ ያን ነው የሰማው። ፈተናውም ፈተና አልነበረም። ሰውየው ዓሣዎቹን ማየት አማረው፣ ያለው ዓይን ደግሞ የኔ ብቻ ነበር። እኔ ግን እያስተማረኝ መስሎኝ፣ አንዲት መስመር ሳልዘል፣ የአንዷን ክንፍ መርገብገብ ሳላስቀር እነግረው ነበር። ባሳጥርበት ይቆጣል። “ዋኘች አይባልም፤ እንዴት አድርጋ ነው የዋኘችው?” ይለኛል። ሻይ ሲቀዳ ጣቱን የብርጭቆው ጠርዝ ላይ አንጠልጥሎ፣ ትኩሱ ጣቱን ሲነካው ነው የሚያቆመው። የጀግና አቀዳድ እንደዚያ ነው ብዬ እኔም ሞክሬ ጣቴን ላጥኩት።

ቁልፉንማ በእጁ ነበር የሚያውቀው። አንድ ደንበኛ መስኮቱን ተደግፎ “አንተ ሰውዬ፣ ሳታየው እኮ ነው የምትሞርደው” ቢለው፣ አያቴ ቀና እንኳ ሳይል “አንተስ ሚስትህን መብራት አብርተህ ነው የምታውቃት?” አለው። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። እኔ ምኑ እንዳሳቀው ስላልገባኝ አብሬ ሳቅኩ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን እጁን ገንዳው ውስጥ ሲያስገባ ነበር። እጅጌውን እስከ ክንዱ ይሰበስብና መዳፉን ቀስ አድርጎ አሸዋው ላይ ያሳርፈዋል። ሌላ ዓሣ ቢሆን ይሸሻል። እነዚህ ግን ከየቤታቸው ግር ብለው ወጥተው ይገጥሙታል፤ ተራራ የሚያክል እጅ! “ይሄ በግንባሩ ገፍቶ ይመለሳል፣ ሻለቃው ነው። ይቺ ቆንጠጥ አድርጋ ትሮጣለች፣ ወጣቷ ናት። ይቺ ደግሞ…” ይልና ፈገግ ይላል፤ “ይቺ እሜቴ ናት። አንዴ ትነክስና ደጃፏ ላይ ቆማ ታየኛለች። ጠገብክ ወይ ብላ።” እኔ ዓሣዎቹ በአፋቸው ወሬ የሚነግሩት ይመስለኝ ነበር። የመንደሩን ወሬ ሁሉ ጣቱ ላይ ያቀብሉታል፣ እሱም ለማንም አይናገርም። አሁን ሳስበው ብዙም አልተሳሳትኩም።

እሜቴ ከንፈሩ የተሸረፈ ዛጎል ውስጥ ነበር የምትኖረው። ከሁሉ ታንሳለች፣ ከሁሉ ትኮራለች።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ነበር የምትሠራው። በእረፍት ቀኗ እየመጣች የአያቴን ሸሚዞች ታጥባለች። አባቷን አንቱ ነው የምትለው፤ እኔ የቤት ቅምጥሏ አንተ። ከኋላ ሳህን እያጠበች ስትጨቃጨቀው፣ እኔ ከገንዳው ሳልርቅ በአንድ ጆሮ እሰማቸዋለሁ።

“ሐኪሙ ምን እንዳለ ሰምተዋል አይደል?”

“ሐኪሙ ያሻውን ይበል።”

“ሸሚዝዎን ገልብጠው ነው የለበሱት፣ አባዬ።”

“እንደሱ ነው የምወደው።”

“እሳት ቢያስነሱስ? ምድጃውን ብቻዎን እየለኮሱ…”

“ብቻዬን አይደለሁም።”

“እሷ ልጅ ናት! ትምህርት ቤት መግባት አለባት። እኔ ጋ ትምጣ፣ እርስዎም ይምጡ። ሦስታችን አብረን እንሆናለን።”

“ፎቅ ላይ? አንዲት ክፍል ውስጥ? ምን ሆኜ ልቀመጥ፣ ዕቃ?”

“ገንዳውን ለሚፈልግ ሰው እንሰጠዋለን።”

ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ የያዝኩት የመጨረሻውን ነው። አክስቴ በዓሣዎቹ ቀናችባቸው፣ ልትሰጥብን ነው፤ በቃ። ሐኪሙ የዓሣ ሐኪም መስሎኝ ነበር። አያቴ ከቤቱ፣ ከሞርሳው፣ ከገዛ ግድግዳዎቹ ሊነቀል እንደሆነ፣ እነዚያን ግድግዳዎች ደግሞ በመዳፉ እንጂ በዓይኑ እንደማያውቃቸው፣ ሌላ ቤት ቢገባ በእርግጥም ዕቃ እንደሚሆን ማን ይንገረኝ?

በዚህ መሀል እሜቴ ጠፋች።

አንድ ማለዳ ፈተና ላይ “እሜቴስ?” ሲለኝ ዛጎሏ አፉ ድረስ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ሻለቃው ብቻ ከላዩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። በማግስቱም የለችም። ከዚያ ወዲያም የለችም።

“ሻለቃው በልቷታል” አልኩ።

ሞረዱ ቆመ። “የበላ ዓሣ ምን ይመስላል?”

“እንጃ።”

“እንጃ አይባልም። እይ።”

አየሁ። ሆዱ እንደ ወትሮው ነው። ይህን ነገርኩት፤ መልሶ መሞረድ ጀመረ። እጁን አስገብቶ እንዳይፈልጋት ደግሞ በዚያው ሰሞን ሞረዱ አውራ ጣቱን ጨርፎት በጨርቅ አስሮታል። ቁስል ያለበት ሰው ውሃቸውን አይነካም የሚል የራሱ ሕግ ነበረው። ቀን ከቀን ይበልጥ ዝም አለ። ደንበኛ ቢቀልድም አይመልስም። እኔ ዓሣዋ አሳዝናው መስሎኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞረድ እጁን ሲቆርጠው በዕድሜው ያ የመጀመሪያው ነበር፣ አክስቴ ስትመጣ ጨርቁን እንደምታየው ደግሞ ያውቃል።

መጣች፣ አየችው። ጨርቁን ፈትታ ቁስሉን ተመለከተች፣ መልሳ አሰረችው። አልጮኸችም። ስትጮህ ይሻለኝ ነበር። ይዛው የመጣችውን ትልቅ ሻንጣ ከደጅ አስገባችና ወንበር ላይ ከፍታ አስቀመጠችው። ባዶ ነበር።

“አባዬ፣ ዛሬ እንሄዳለን።”

“የት?”

“የት እንደሆነ ያውቃሉ።”

“እኔ ደህና ነኝ። አያለሁ።”

“ያያሉ?”

“አያለሁ አልኩሽ!”

አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “እሺ። ካዩ ይንገሩኝ። እዚህ ገንዳ ውስጥ ዛሬ ምን አለ?”

እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ጠዋት ሁሉን ነግሬዋለሁ! ሻለቃው ጥግ፣ ወጣቷ አዲስ ጉድጓድ እየማሰች፣ እሜቴ የለችም። እንደ ወረደ ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ተነሳና ያልታሰረውን እጁን እስከ ክንዱ ገልጦ፣ የገዛ ሕጉን ጥሶ፣ ውሃው ውስጥ አስገባው።

ዓሣዎቹ ግር አሉ። እጁ በጣቶቹ እየተራመደ አሸዋው ላይ ሄደ፤ በገዛ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት እንደሚሄድ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ ሳይስት። ከንፈሩ የተሸረፈው ዛጎል ጋ ደርሶ ቆመ። ሌባ ጣቱን አፉ አጠገብ አሳረፈ።

አሸዋው ንቅንቅ አለ። እሜቴ ወጣች።

በሕይወት ነበረች! ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ መስመሮቿ ጎልተዋል። ወጥታም ጣቱን ነከሰች። ፈቀቅ አደረገው፤ ተከትላ እዚያው ቦታ ነከሰችው። እንደ ድሮው አንዴ ነክሳ ቆማ አላየችውም፤ ደጋገመችው፣ ያዘችው፣ አልለቀውም አለች። እጁን ሲያወጣ አብራው ተንጠልጥላ ከውሃው ፊት ላይ ደርሳ ነው የለቀቀችው፤ ለቅቃም እንደ ድንጋይ ወርዳ ደጃፏ ላይ ቆመች።

አያቴ ፊቱ በራ። “እዚህ ቤት ልጆች አሉ” አለ።

አክስቴ ጎንበስ ብላ አየች። “የት?”

“እሜቴ ቤት። ውስጥ። ልጅ የማትጠብቅ እንዲህ አትነክስም።”

“ምንም የለም፣ አባዬ።”

“ጉጉት፣ አንቺስ?”

አየሁ። የዛጎሉ አፍ ጥቁር ነው። ዓይኔ እስኪያለቅስ አየሁ። “አይታይም፣ አባባ” አልኩ። ምን ላድርግ? ፈተና ነው። ፈተና ላይ አይዋሽም።

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። “ይበቃል” አለች በቀስታ። “ልብስዎን ላዘጋጅልዎት።”

“ቁጭ በይ።”

“አባዬ…”

“ቁጭ በይ አልኩሽ! ዓይን ያለሽ አንቺ አይደለሽ? እይ።”

ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ደንበኛ መስኮቱን አንኳኩቶ፣ ተሳድቦ ሄደ። ፀሐይ ከመንገዱ ዞራ በመስኮቱ ገባች፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣች፣ ከዚያ ገንዳውን ነካችና ውሃው ብርሃን ሆነ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ልትነሳ ሞከረች። ሁለቱንም ጊዜ እሜቴ ተንቀሳቀሰችና መልሳ አስቀመጠቻት።

ከዚያ በዛጎሉ ስብራት ላይ አንድ ነገር ታየ።

እንዴት ልንገራችሁ? የሽፋሽፍት ፀጉር አንድ ዘለላ። ዘለላው ላይ ዓይን። ዓሣ አይባልም፣ ዓይን ነው፤ ዓይን ብቻውን ውሃ ላይ ቆሞ። ከጎኑ ሌላ። ከነሱ ጀርባ ሌሎች፣ ከጨለማው እየተገፉ፣ ዛጎሉ ከንፈር ላይ ተደርድረው ዓለምን አዩ። በውስጣቸው ብርሃን ያልፍ ነበር። ልባቸው ስትመታ አየሁ፤ ልባቸው! የመርፌ ጫፍ የማታክል ቀይ ነጥብ፣ ጥድፍ ጥድፍ ስትል። ሻለቃው፣ ያ ቁጡ፣ በላያቸው ላይ መጥቶ ክንፉን ዘርግቶ ሲቆም ሊውጣቸው መስሎኝ ጮህኩ። አልዋጣቸውም። ጥላ ሆነላቸው። አንደኛዋ ጫጩት ከከንፈሩ ትንሽ ራቅ አለች፣ ፈራች፣ ተመለሰች። አንድ ቅንጣት አሸዋ ከሷ ይበልጥ ነበር።

አክስቴ ከወንበሩ መቼ እንደወረደች አላየሁም፤ አጠገቤ ተንበርክካለች፣ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋለች።

“ወይ ጉድ” አለች፣ በማላውቀው ድምፅ። “ወይ ጉድ፣ አባዬ፣ ሰውም እንደዚህ ነው የምንጀምረው?”

ዞር አለችና አባቷን አየች። እንባዋ ፊቷ ላይ ወረደ። ተሸንፋ ነው የምታለቅሰው ብዬ ጨከንኩባት።

ተነስታ እርጥብ እጁን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችለት፣ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። “አዩዋቸው?” አለችው።

“ካንቺ በፊት” አለ አያቴ።

ሻንጣውን ባዶውን ዘግታ አነሳች። ደጅ ስትደርስ እኔን ጠርታ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ አያያዟ ያማል። “ምድጃውን አንቺ ለኩሺ፣ እሱ አይለኩስ። ሻዩንም አንቺ ቅጂ። መንገድ ሲሻገር እጁን ያዢ።”

“ለምን?”

“አርጅቷል።”

“ትምህርት ቤቱስ?”

“ይቆያል” አለች። ይህን ስትል አላየችኝም። እኔ እየዘለልኩ ተመለስኩ። ዓሣዎቹ ቀሩልን፣ ትምህርት ቤት ቀረልኝ፣ በአንድ ቀን ሁለት ድል!

ቆየ። ትምህርት ቤቱ እስካሁን ቆየ። አያቴ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ሞርሳው አጠገብ ብዙ ኖረ፤ ቁልፍ ሙረዳውን በዓይን ሳይሆን በጣት አስተማረኝ፣ በሱም ኖርኩ፣ ልጆች አሳደግኩበት፣ ማንም አላበላኝም። የእሜቴ ዘር ገንዳውን ሞልቶ ለመንደሩ ተረፈ። ስለ ዓሣዎቹ ጠይቁኝ፤ ማንቆርቆሪያ ነጭ የሚያደርገውን የኛን ኖራማ ውሃ ለምን እንደሚወዱት፣ ትልልቆቹ ልጆች የታናናሾቻቸውን ቤት ሲጠብቁ እንዴት እንደሚቆሙ እነግራችኋለሁ። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አንብቢ ብትሉኝ ግን የልጅ ልጄን እጠራለሁ። ስትዘገይብኝ እሰድባታለሁ፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።

አክስቴን በመጨረሻ እኔ ነኝ ያስታመምኳት። ፎቅ ላይ፣ በዚያችው አንዲት ክፍል። አንድ ከሰዓት ሾርባ እያጎረስኳት እጄን ያዘችኝ።

“ፊቱ ወደ ካፖርቱ ነበር” አለችኝ።

“የማን?”

“የአባዬ። ያን ቀን። ጫጩቶቹ ሲወጡ ዞር ብዬ ባየው፣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ካፖርት ነበር ፈገግ የሚለው። እስከዚያ ድረስ ትንሽ ትንሽ ያያል ብዬ ነበር። ምንም አያይም።”

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። “አውቀሽ ነው ጥለሽን የሄድሽው?”

“አውቄ።”

“እኔስ?”

“እሱን ከዚያ ውሃ ነጥዬ እዚህ ባስቀምጠው ለከርሞ አይደርስም ነበር። ያለ አንቺ ደግሞ እዚያ መቆየት አይችልም። ከሁለታችሁ አንዳችሁን መበደል ነበረብኝ” አለች።

“እኔን በደልሽ።”

“አንቺን።”

ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም ይቅር አላልኳትም። በቤታችን እንዲህ ያለው ነገር በአፍ አይነገርም። “ደንቆሮ አድርገሽ አስቀረሽኝ” አልኳት። ሳልናገረው የቀረ ነገር በኋላ እንዳይቆጨኝ ነው ያልኩት።

“አዎ” አለች። አልተከላከለችም። ዞራ አየችኝ፤ እንደ ልጅ፣ ልትጠይቀኝ እየፈራች። “ግን እስቲ ንገሪኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ነገር አይተሽ ታውቂያለሽ?”

ልዋሻት ፈለግኩ። ወልጄያለሁ፣ ቀብሬያለሁ፣ ባሕር ተሻግሬ የልጄን ሠርግ አይቻለሁ። አንዱን ልጠራላት አፌን ከፈትኩ።

“አላየሁም” አልኳት።

“እኔም” አለች።